የወረቀቱ መሬት

አንድ ከሰው አገር የመጣ ወጣት መምህር ነበረ፤ ስሙ ይኄይስ ይባላል። የተመደበው ከወረዳው ከተማ የአንድ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ፣ ገና ልስኑ ባልደረቀ ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ነው። ለተማሪዎቹ የሚበቃ ደብተር የለም። ማስመሪያ አንድ፣ መቀስ አንድ። ግንበኞቹ ጥለውት የሄዱት ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ግን በየጥጉ ተቆልሎ ነበር።

በመጣ በመጀመሪያው ቀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ መኳንንት ሻንጣውን ተቀብለው እያስገቡ አንድ ምክር ሰጡት።

«ልጄ፣ ፊደሉንም ቁጥሩንም አስተምር። የመሬት ነገር ግን ከአፍህ እንዳይወጣ። እዚህ አገር መሬት የለካ ሰው በሰላም አያድርም።»

አያ መኳንንት ዕድሜያቸውን በዘበኝነት ያሳለፉ ሰው አልነበሩም። ከሁለት ዓመት በፊት አገር የሚያደምጣቸው ሽማግሌ ነበሩ። የደረሰባቸውን ቀስ በቀስ አጫወቱት።

ከትምህርት ቤቱ በታች አንድ ጥቁር አፈር መሬት አለ፤ ቅርጹ ሦስት ማዕዘን ነው። አናቱ ላይ ምንጭ ይፈልቃል። ከምንጩ ተነሥቶ በግራ ረጅም ሸለቆ፣ በቀኝ አጠር ያለ የድንጋይ ካብ ወደ ታች ይወርድና ሁለቱም ከመንገዱ ላይ ያርፋሉ። የመሬቱ ባለቤት ሲሞት ጓንጉልና ደምለው የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ተወ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ማናቸውም ውኃ እንዳይቀርባቸው ብለው መሥመሩን ከምንጩ ጀመሩ፤ የመንገዱን ዳር በገመድ ለክተው ልክ ከወገቡ ላይ ችካል ተከሉ። መሥመሩን ያሠመሩት አያ መኳንንት ነበሩ።

የሸለቆው ወገን ለታላቁ ለጓንጉል፣ የካቡ ወገን ለታናሹ ለደምለው ደረሰ። የጓንጉል ድርሻ ረጅምና ቀጭን፣ የደምለው አጭርና ወፍራም ሆነ። ጓንጉል የወንድሙን እያየ፣ «የሱ እንደ ጎተራ ሆዱ የሰፋ ነው፤ ለኔ የደረሰኝ ጅራቱ ነው» አለ። ደምለውም የወንድሙን እያየ፣ «የሱ ዓይን እስኪደክም ይሄዳል፤ የኔ ጀመርኩ ሲሉ የሚያልቅ ነው» አለ። ሁለቱም ሽማግሌው ጉቦ በልቷል አሉ። ከሳምንት በኋላ የአያ መኳንንት ቤት ሰው በሌለበት ተቃጠለ። ያቃጠለው አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ጠመንጃ ሳይዙ እርሻ አይወርዱም፤ በመሬቱ ላይ አቋርጦ የሚያልፍ ከብት እንኳ ጠፋ። ሽማግሌውም መጠጊያ አጥተው በየዘመዱ ቤት ቆዩ፤ ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ዘበኛ ሆነው ጎጆው ገቡ።

ይኄይስ ይህን ሲሰማ ፈራ። ፈሪ መሆኑን ያውቀዋል። ልጅ ሳለ ሁለት ጎረቤታሞች ሲጣሉ ሊገላግል የገባ አጎቱ በመሃላቸው ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል። ገላጋይ የሚሞትበትን አገር ለቆ የመጣ መስሎት ነበር።

ማስተማሩን ግን ይወድ ነበር። የሲሚንቶውን ከረጢት አራግፎ ድርቡን ይገልጥና ከውስጥ ንጹሕ ሆኖ የተገኘውን ወረቀት ለልጆቹ ያድላል። የቅርጽ ትምህርትን በሰሌዳ ከማስተማር በእጅ ማስተማር ይሻላል ብሎ ያምናል። አንድ ቀን ሁሉም ደስ ያላቸውን ሦስት ማዕዘን እንዲቆርጡ፣ ከዚያም ሦስቱን ጫፎች ቀደው ጎን ለጎን እንዲገጥሙ አዘዘ። ቀጭኑም ሰፊውም፣ ጠማማ የሚመስለውም፣ ጫፎቹ ሲጋጠሙ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ያለ መሥመር ሠሩ። ልጆቹ አላመኑም። ሌላ ቆርጠው ሞከሩ፤ ደግሞ ሌላ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ወይ መምህር?» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

«እኔን አትመኚኝ» አላት። «እጅሽን ጠይቂው።»

ልጅቷ ትርንጎ ትባላለች፤ የጓንጉል ልጅ ናት። ከሌላው ጥግ የምትቀመጠው አንጓች ደግሞ የደምለው ልጅ ናት። ሁለቱም አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ድሮ ከምንጩ አብረው ውኃ ይቀዱ ነበር፤ አሁን በአንድ አግዳሚ ላይ እንዳይቀመጡ ከየቤታቸው ተከልክለዋል። መቀሱ አንድ ብቻ ስለሆነ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ጣታቸው ይነካካል። ከዚያ በቀር አይተያዩም።

በሳምንቱ ይኄይስ ሦስት ማዕዘንን ለሁለት እኩል መክፈልን አስተማረ። የግርጌውን ጎን ጫፍና ጫፍ አገናኝቶ ማጠፍ፣ ወገቡን ማግኘት፣ ከወገቡ እስከ አናቱ መቁረጥ፣ ቁራጮቹንም ዳግመኛ ከፍሎ እያዞሩ ማጋጠም። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ እየተዘዋወረ ያይ ነበር። ከትርንጎ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ከሦስት ማዕዘኗ አናት ላይ ምንጭ ሥላለች፤ ባንዱ ጎን የድንጋይ ካብ፤ ከታች መንገድ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የኛ መሬት ነው» አለች። ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ክፍሉ ግን ሰማ። ሠላሳ ልጆች ባንድ ጊዜ ዞረው አዩአት። አንጓች መቀሱን እንደያዘች ቀረች።

ይኄይስ ወረቀቱን ከፊቷ አንሥቶ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ «ሌላ ሣይ፣ ይኼ አይሆንም» አላት። ትርንጎ ጥፋቷ አልገባትም። እሱም አላስረዳትም።

ልጆቹ ከተለቀቁ በኋላ በሩን ዘግቶ ወረቀቱን አወጣ። ያወጣው ሊቀደው ነበር። ከመቅደዱ በፊት ግን ዓይኑ ከምንጩ እስከ መንገዱ ወገብ በሠራችው እጥፋት ላይ አረፈ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠለት። የልጅቷ ሥዕል ልክ ባይሆንም ሕጉ ለማንኛውም ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ከአናት እስከ ግርጌው ወገብ የሚሄድ መሥመር ሁልጊዜ እኩል ይከፍላል። ሽማግሌዎቹ የዘረጉት መሥመር ልክ ነበር። ማንም ከማንም አልበለጠም።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ፈራ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጠቡ የሌላ ሰው ነበር። አሁን የሚያውቀው ነገር አለ፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይጠየቃል።

በማግሥቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ በሩ ተገፋ። ጓንጉል ነበር። እንደታጠቀ ገብቶ ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ በልጆቹ መካከል ተቀመጠ፤ ጠመንጃውንም ከትከሻው አውርዶ ጭኑ ላይ አጋደመው።

«ቀጥል መምህር። አስተምር።»

ይኄይስ ጠመኔ አንሥቶ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ምን ሊጽፍ እንደነበር ጠፋው። አፈሙዙ ከትከሻዎቹ መካከል የተደገነ መሰለው። አንድ ቁጥር ጻፈ፤ አጠፋው፤ ጠመኔውም እጁ ላይ ተሰበረ።

«ልጄ መሬታችንን በወረቀት ሣለች አሉ» አለ ጓንጉል። «ያስጀመርካት አንተ ነህ?»

«ጨዋታ ነው» አለ ይኄይስ። «የልጆች ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታው ታዲያ ምን አለ? የኔ በለጠ ወይስ የሱ?»

እውነቱ በምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። «እኩል ነው» ማለት ሁለት ቃል ናት። ነገር ግን ይህ ሰው ተበደልኩ ብሎ ሁለት ዓመት የኖረ ነው፤ አልተበደልክም የሚለውን ሰው እንዴት ያየዋል? አንጓችም እዚያው ተቀምጣለች፤ እዚህ የተነገረ ነገር ሁሉ ሳይመሽ ደምለው ጆሮ ይደርሳል።

«ወረቀት መሬት አይለካም» አለ።

ጓንጉል ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። «እንዲያ ከሆነ ዳግመኛ እንዳይሣል» ብሎ ተነሣ። ሲወጣ በልጁ አጠገብ ቆም ብሎ ፀጉሯን ዳሰስ አደረጋት። ትርንጎ ቀና አላለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኄይስ የወረቀቱን ትምህርት ተወ። ልጆቹ ከሰሌዳ እየገለበጡ ይውላሉ። «መምህር፣ ወረቀቱስ?» ሲሉት «አልቋል» ይላል። ከረጢቱ ግን ጥግ ላይ ተቆልሎ ይታያቸው ነበር። ልጆቹ ይህን አይተው እንደገና አልጠየቁትም፤ ያለመጠየቃቸው ከጥያቄው የበለጠ ከበደው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን አለሰለሰው። አንድ ጠዋት ልጆቹ ማባዛት ሲደግሙ ከታች አንድ ተኩስ ተሰማ። ይኄይስ ሳያስበው ራሱን ከጠረጴዛው ሥር አገኘው። ልጆቹም ከየአግዳሚያቸው ሥር ገብተዋል። ሁለት ልጆች ብቻ ቆመዋል። ትርንጎና አንጓች በሁለቱ መስኮቶች ላይ እጃቸውን አድርገው ወደ እርሻው ይመለከታሉ፤ ከኮረብታው የተነሣ ግን የሚታያቸው ነገር የለም። ሁለቱም አባቶች ያን ጠዋት እርሻ ወርደዋል። ተኩሱ አንድ ነበር። ልጆቹ የማን አባት እንደወደቀ ሳያውቁ፣ ሳይተያዩም፣ ሰው እስኪመጣ ድረስ እንደዚያው ቆሙ።

ሰው አልሞተም። ደምለው ሲያርስ በሬዎቹ ሲዞሩ ችካሉን በአንድ ትልም አልፈዋል። ጓንጉልም ተኩሶ አንደኛውን በሬ ከነቀንበሩ ጣለው። ደምለው ጠመንጃውን ሊያነሣ ሲል ጎረቤቶች ደርሰው ያዙት። እንዲለቁት አልለመነም፤ አልጮኸምም። «ዛሬ ሐሙስ ነው» አለ። «ቅዳሜ ገበያ ወርጄ የሚበቃኝን ጥይት ገዝቼ እመለሳለሁ። ከቅዳሜ በኋላ ወንድም የለኝም።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ሆነ። አንጓች ብቻ ደብተሯን አቅፋ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች።

«መምህር፣ የትርንጎን ወረቀት ለምን ወሰድህባት?»

«ነገር እንዳይመጣ ብዬ ነው።»

«እሱ ላይ የማን ይበልጥ ነበር?»

ይኄይስ ወደ ውጭ አየ። ማንም የለም። «የማንም አይበልጥም» አላት በሹክሹክታ። «እኩል ነው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። «ይኼን ያወቅኸው መቼ ነው?»

«ቆይቷል።»

«ከበሬው በፊት?»

ይኄይስ ዓይኑን ወደ ከረጢቱ ክምር አዞረ። እሷም መልስ ሳትጠብቅ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ይኄይስ ማደሪያው ገብቶ ሻንጣውን ማሰር ጀመረ። ነገ በጠዋት ተነሥቶ ወደ ወረዳው ይሄዳል፤ ታምሜአለሁ ይላል፤ ሌላ ቦታ ይመድቡታል። ሁለት ሸሚዝ አጣጥፎ ከተተ። ሦስተኛውን ሲያጣጥፍ እጁ ቆመ። ገላጋይ ሆኖ የሞተውን አጎቱን አሰበ። ሁልጊዜ ሲያስበው የሚታየው አወዳደቁ ነበር። አሁን ግን የዚያን ቀን ዳር ቆመው ያዩት፣ እሱን ጨምሮ፣ ስንት ሰዎች እንደነበሩ አስታወሰ። ሻንጣውን እዚያው ትቶ ወደ ዘበኛው ጎጆ ሄደ።

«አያ» አለ። «መሥመርዎ ልክ ነበር።»

አያ መኳንንት አልገባቸውም። ይኄይስ ከረጢት ወረቀት ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ከሁለት ከፍሎ፣ ቁራጮቹን እያጋጠመ በዝግታ አሳያቸው። ሽማግሌው በመጨረሻ ገባቸው፤ ከጎጆው ደጅ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። 

«ሁለት ዓመት» አሉ ከጋቢው ውስጥ። «ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ቤቴም የተቃጠለው በጥፋቴ ነው እያልኩ ኖርኩ።»

«ቀድሜ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ፈርቼ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ፈርቻለሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አሉ አያ መኳንንት። «ቤት ከሚያቃጥሉብኝ ይልቅ ዳግመኛ የሚሰማኝ ሰው ማጣቴን ነው የፈራሁት። ቢሆንም እጠራቸዋለሁ።»

ያን ዕለት ሳይመሽ በሁለቱም ደጅ ቆመው፣ «በአባታችሁ አጽም ይዣችኋለሁ፤ አንድ ጠዋት ብቻ ስጡኝ» አሉ። ከአባታቸው ጋር አብረው ያደጉ ሰው ስለሆኑ ወንድማማቾቹ እምቢ ማለት አልቻሉም። አርብ ጠዋት ሁለቱም መጡ። ሁለቱም ታጥቀው ነበር።

መጀመሪያ ወደ መሬቱ ወረዱ። አያ መኳንንት ገመዱን ዘርግተው አንዱን ጫፍ ለጓንጉል፣ ሌላውን ለደምለው ሰጡ። ይኄይስ በመካከላቸው እየሄደ ይቆጥራል። በግራው አንድ ጠመንጃ፣ በቀኙ አንድ ጠመንጃ። በእርሻው ዳር ያለው ሣር ሁለት ዓመት ሙሉ ከብት ስላልጋጠው ጉልበቱ ድረስ ደርሷል፤ ውስጡ አንድ ነገር ሽው ባለ ቁጥር ልቡ ይዘላል። በሸለቆው በኩል አሥር ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ጠፋበት።

«ድገመው» አለ ጓንጉል።

ከምንጩ ጀምረው ደገሙት። የሸለቆው ጎን አሥራ ስምንት ገመድ፣ የካቡ ጎን አሥራ ሁለት፣ የመንገዱ ዳር አሥራ አራት ሆነ። ችካሉ የቆመው ከሰባተኛው ገመድ ጫፍ ላይ ነበር። እስከዚህ ድረስ የተጨቃጨቀ የለም፤ ገመዱን የያዙት እነሱ ናቸውና።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሱ። ልጆቹ እንዳይመጡ ተነግሯቸው ነበር፤ ግን በየመስኮቱ ተንጠልጥለዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው ወደ ላይ ወጥቶ፣ ጠመንጃቸውን ደግፈው ተቀመጡ። ይኄይስ ከከረጢቱ ወረቀት ትልቁን መርጦ፣ ለአንድ ገመድ አንድ ጣት እየለካ መሬቱን ሣለው። ጓንጉል ተነሥቶ በራሱ ጣት ደግሞ ለካው። ደምለውም ለካው። ልክ ነው አሉ።

ይኄይስ መቀሱን አነሣ። መቀሱ እጁ ላይ እንደ ቃጭል ተንቀጫቀጨ። ወረቀቱ ላይ አደረገው፤ ዘወር አለበት። እንደገና ሞከረ፤ ሊቀድደው ሆነ። ከመስኮት አንድ ልጅ ሲስቅ ሌላው አፉን ያዘው። ይኄይስ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እኔ አልቆርጠውም» አለ። «እጄን አያችሁት። የናንተ መሬት ነው፤ እናንተው ቁረጡት።»

ሁለቱም መቀሱን አዩት። ከዚያ ደምለው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጣ፤ ጠመንጃ በያዘ እጅ መቀስ አይያዝም። ከምንጩ እስከ ችካሉ ቀጥ አድርጎ ቆረጠ። ሁለቱ ቁራጮች ተለያዩ። አንዱ ረጅምና ቀጭን፣ አንዱ አጭርና ወፍራም። ወንድማማቾቹ አዩአቸውና ባንድ አፍ፣ «ይኸው፣ የሱ ይበልጣል» አሉ።

ሁለቱም እየጠቆሙ የነበሩት ወደ ወንድማቸው ቁራጭ ነው። አያ መኳንንት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገና ነው» አለ ይኄይስ። ቁራጮቹን ወደየፊታቸው ገፋ። «የየራሳችሁን ቁራጭ ያዙ። አቶ ጓንጉል፣ የሸለቆውን ጎን ጫፍና ጫፍ አገናኝተው አጥፈው ወገቡን ያግኙ። አቶ ደምለው፣ እርስዎም የካቡን ጎን እንዲሁ። ከዚያ ወገብ ተነሥታችሁ እስከ ችካሉ ቁረጡ።»

ጓንጉልም ጠመንጃውን አኖረ። በወፍራም ጣቱ ወረቀቱን አጠፈ፤ በጥፍሩ ተጫነው፤ ቆረጠ። መቀሱን ለወንድሙ አቀበለው። ደምለው ተቀበለ። አሁን በየፊታቸው ሁለት ሁለት ትናንሽ ሦስት ማዕዘን ሆነ፤ አንዱ ከመንገዱ በኩል፣ አንዱ ከምንጩ በኩል።

«በመንገዱ በኩል ያሉትን ደራርቧቸው» አለ ይኄይስ።

ደምለው የራሱን በወንድሙ ላይ አስቀመጠው። ጫፉ በጫፉ፣ ጎኑ በጎኑ ላይ አረፈ። አንዱ አንዱን ሸፈነው። በመስኮቱ ያሉት ልጆች አንገታቸውን አሰገጉ።

«ቀጥሎ በምንጩ በኩል ያሉትን።»

ደምለው ሁለተኛውን አስቀመጠ። አልገጠመም። የአንዱ ሹል ጫፍ በአንድ ወገን ወጣ፤ የሌላው በሌላ ወገን።

ጓንጉል ቀስ ብሎ ተነሣ። «እንዳልኩት ነዋ» አለ። ዓይኑ ጠመንጃው ላይ ነበር። የደምለውም ዓይን ወደ ጠመንጃው ሄደ። ይኄይስ ሊናገር አፉን ከፈተ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የጎደለው፤ ያውቀዋል፤ ለልጆቹ መቶ ጊዜ ብሎላቸዋል፤ አሁን ግን አልወጣ አለው።

«አጎቴ» አለ አንድ ትንሽ ድምፅ ከመስኮቱ። ትርንጎ ነበረች። አጎቷን ካነጋገረች ሁለት ዓመት አልፏታል። «አጎቴ፣ አዙረው። ራሱን ወደ ታች አድርገው።»

ደምለው የወንድሙን ልጅ አያት። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ እንዳለ አዞረው። አስቀመጠው።

ገጠመ።

ከሁሉም ቀድሞ የተቀመጠው ጓንጉል ነው። ቁራጮቹን አነሣ፤ አገላበጠ፤ ብርሃን ላይ ይዞ ዳርና ዳራቸውን አየ፤ እንደገና ራሱ ደረባቸው። ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ። ማንም አላቻኮለውም።

«ሁለት ዓመት» አለ በመጨረሻ። «ከደጄ ሆኜ ስመለከተው፣ የሱ ሁልጊዜ ይሰፋብኝ ነበር።»

«የኔ ደጅ ደግሞ በዚያ ማዶ ነው» አለ ደምለው። ከዚህ ሌላ የተነጋገሩት ነገር የለም። ጠመንጃቸውን አንግተው በየበኩላቸው ወጡ።

ፍቅር ባንድ ቀን አልወረደም። ቅዳሜ ግን ደምለው ገበያ አልሄደም። ሰኞ ማለዳ ጓንጉል ከራሱ በሬዎች የተሻለውን ነድቶ ወንድሙ ደጅ አሠረው፤ ቤት ሳይገባ ተመለሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱም፣ አብረው ሳይሆን ተራ በተራ፣ ሣርና ማገር ተሸክመው ወደ አያ መኳንንት የተቃጠለ ቤት ሲሄዱ ታዩ። ማን እንዳቃጠለው የጠየቃቸው የለም። ልጆቹ ከወንድማማቾቹ ፈጠኑ፤ ማንም ሳይነግራቸው በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ይኄይስም ጀግና አልሆነም። ለብዙ ወራት በሩ በተገፋ ቁጥር ይደነግጥ ነበር። የተገደለው በሬ ከነቀንበሩ የወደቀበትን ቦታ ላለማየት ወደ ወንዝ ሲወርድ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ማስተማሩን ግን ከወረቀቱ ጋር ቀጠለ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ፍርሃት ክፉ ቀያሽ ነው። በራስ ደጅ ላይ ያቆምና የሌላውን ድርሻ ያሰፋል፣ የራስን ያጠብባል፤ ዓይንም እሱ ያዘዘውን ያያል። ሽማግሌዎቹ እውነቱን ለወንድማማቾቹ ቀድመው ነግረዋቸው ነበር፤ አላመኑም። ያመኑት በገዛ እጃቸው ለክተው፣ ቆርጠው፣ ደራርበው ካዩት በኋላ ነው። ሰው የተነገረውን እውነት ሊጠረጥር ይችላል፤ እጁ ያገኘውን ግን መካድ ይከብደዋል። ልጆቻችንን ስናስተምርም፣ ስንታረቅም፣ መቀሱን ለባለ ጉዳዩ መስጠት ይሻላል።

ደግሞ ሌላ አለ፤ ይኼኛው ለሚያውቁ ሰዎች ነው። ያ በሬ የሞተው በጓንጉል ጥይት ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው እውነቱን ይዞ ዝም ባለባቸው ቀናትም ጭምር ነው። አንተስ፣ አንቺስ፣ ከራሳችሁ ደጅ ቆማችሁ የምታዩት የማንን ድርሻ ነው? የምታውቁትስ፣ ፈርታችሁ ያልተናገራችሁት ነገር አለ? ካለ፣ ከጉዳቱ በፊት ተናገሩት።